ለዶራሌ ፀሐይ ያልተሰፋ ልብስ

በጅቡቲ ከተማ የሐምሌ ቀትር ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መሆኑ ለነዋሪውም ለእንግዳውም አዲስ ነገር አይደለም። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ካምሲን የሚባለው ደረቅ ነፋስ ከበረሃው በኩል አቧራ አንጠልጥሎ ሲመጣ አቅም ያለው ሰው በሩን ዘግቶ ፀሐዩ እስኪያዘቀዝቅ ይጠብቃል። ወደቡ ግን ይህ ዕድል የለውም። ኢትዮጵያ ከውጭ ከምታስገባው ዕቃ 90 በመቶ ያህሉ የሚያልፈው በዚህ በር ነው፤ መርከብ መልሕቅ ጥሎ በዋለ ቁጥርም ኪራይ ይቆጥራል። ስለዚህ በዋናው ወደብም ሆነ እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ በጀመረው የዶራሌ ሁለገብ ወደብ ጫኝና አውራጁ፣ የክሬን ኦፕሬተሩ፣ የቦቴ ሾፌሩና ረዳቱ ሙቀቱ እስኪበርድ አይጠብቁም። ለእነዚህ ሰዎች ደህንነት የሚነሳው የመጀመሪያው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ ቱታ፣ ሄልሜት፣ ጓንትና ሴፍቲ ጫማ ተሰጥቷቸዋል ወይስ አልተሰጣቸውም? ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም በቂ ነው ብዬ አላምንም። የተሰጠው ልብስ በዚያ ፀሐይ ሥር፣ በዚያ ሥራ ላይ፣ ሙሉ ፈረቃ ሊለበስ ይችላል ወይ? የጅቡቲ የሥራ ልብስ ደረጃ ከዚህ ካልጀመረ በወረቀት የተሟላ፣ በሜዳ ላይ ግን የጎደለ ሆኖ ይቀራል።

ለመከላከያ ልብስ ዓለም የሚሠራባቸው መለኪያዎች በብዙ ልፋት የተዘጋጁና ሊከበሩ የሚገባቸው ናቸው። አይ.ኤስ.ኦ 20345 የሴፍቲ ጫማ አፍንጫ 200 ጁል የሚደርስ ምት እንዲችል ያዛል፤ ይህ ማለት 20 ኪሎ የሚመዝን ነገር ከ1 ሜትር ከፍታ ጣቶች ላይ ሲወድቅ ከሚያሳርፈው ጉልበት ጋር የሚቀራረብ ነው። አይ.ኤስ.ኦ 20471 ደግሞ አንጸባራቂ ሰደርያ ምን ያህል ስፋት ያለው ደማቅ ጨርቅና የሚያበራ ጥብጣብ ሊኖረው እንደሚገባ በካሬ ሜትር ይወስናል። የአቧራ ማስኩ፣ የኬሚካል ቱታው፣ እሳት የሚቋቋመው ልብስ እያንዳንዱ የራሱ ቁጥርና የራሱ ፈተና አለው። ይሁንና ፈተናው የሚካሄደው ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። አይ.ኤስ.ኦ 139 ለጨርቅ መፈተኛ ያስቀመጠው መደበኛ አየር 20 ዲግሪ ሙቀትና 65 በመቶ እርጥበት ያለው ነው። ጅቡቲ ላይ 20 ዲግሪ በጥር ሌሊት እንኳ ብርቅ ነው። ቤተ ሙከራው ጨርቁ እንደማይቀደድና ፈሳሽ እንደማያስገባ ይነግረናል፤ ልብሱን የለበሰው ሰው ስንት ሰዓት እንደሚቆም ግን አይነግረንም። ለሁሉም የመከላከያ ልብስ አጠቃላይ መስፈርት የሆነው አይ.ኤስ.ኦ 13688 ራሱ ይህን ያውቃል፤ ልብሱ በለባሹ ላይ ከባድ የሙቀት ጫና የሚያመጣ ከሆነ አምራቹ ማስጠንቀቂያውን ከልብሱ ጋር እንዲያስቀምጥ ይጠይቃል። ችግሩ ያ ማስጠንቀቂያ በትንሽ ወረቀት፣ በማይነበብ ፊደልና በባዕድ ቋንቋ ታትሞ ከፕላስቲክ ማሸጊያው ጋር መጣሉ ነው።

የሙቀት ጫናውን መለካት ግን ይቻላል። ለዚህ የሚያገለግለው አይ.ኤስ.ኦ 7243 ሦስት ንባቦችን ያጣምራል፦ በእርጥብ ጨርቅ የተሸፈነውን ቴርሞሜትር፣ የፀሐይን ጨረር የሚቀበለውን ጥቁር ሉልና ተራውን የአየር ሙቀት። ከቤት ውጭ ሲሠራ የመጀመሪያው 70 በመቶ፣ ሁለተኛው 20 በመቶ፣ ሦስተኛው 10 በመቶ ክብደት ይሰጠዋል። እርጥቡ ቴርሞሜትር ይህን ያህል ክብደት ያገኘው ሰውነት ራሱን የሚያቀዘቅዘው ላብ ሲተን ስለሆነ ነው፤ አየሩ በባሕር እርጥበት ከተሞላ ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም። ለምሳሌ ያህል እርጥቡ 28፣ ጥቁሩ ሉል 50፣ አየሩ 40 ዲግሪ የሚያነብበትን ቀትር እንውሰድ። ሲጣመር 33.6 ይሆናል። አየሩን ለለመደ ሰው እንኳ በከባድ ጉልበት ሥራ ላይ መለኪያው ያስቀመጠው ወሰን 26 ገደማ ነው። ይህ ገና ተራ የጥጥ ልብስ ለለበሰ ሰው ነው። ልብሱ ሲቀየር በንባቡ ላይ ጭማሪ ይታሰባል፤ በጨርቅ ላይ ጨርቅ ለደረበ 3 ዲግሪ፣ እንፋሎት የማያስወጣ የኬሚካል ቱታ ላጠለቀ 10 ዲግሪ ያህል፣ ኮፍያ ከጨመረበት ደግሞ 11። እንግዲህ ያንን ፈሳሽ የማያስገባ ቱታ ለብሶ ጆንያ የሚሸከመው ሰው የሚሠራው፣ ሰውነቱ በሚቀበለው ጫና ሲታይ፣ ከ43 በላይ በሆነ ንባብ ውስጥ ነው። የአየሩ 40 ዲግሪ ለአላፊ አግዳሚው የሚነገር ቁጥር ነው፤ ለሠራተኛው የሚነገረው ይህኛው መሆን ነበረበት።

ነገሩን በማዳበሪያው ሥራ ላይ ቀረብ ብለን እንየው። ኢትዮጵያ በየዓመቱ ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ ማዳበሪያ በጅቡቲ በኩል ታስገባለች። አብዛኛው ሳይታሸግ በመርከብ ሆድ ተጭኖ ይመጣና ወደቡ ላይ በ50 ኪሎ ከረጢት ተሞልቶ፣ ተሰፍቶ፣ በከባድ መኪና ወይም በባቡር ይሄዳል። ክሬኑ ከመርከቡ ጎትቶ ያወጣውን ዩሪያ ወደ ማፍሰሻው ሲለቀው ነጭ አቧራ ይነሳል። ዩሪያ ከአየር ውስጥ እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው፤ ላብ ያገኘ ቦታ ሁሉ ይሟሟል። በአንገትጌው፣ በእጅጌው ጫፍና በቀበቶው ሥር፣ ጨርቅና ቆዳ በሚፋተጉበት ሁሉ እየገባ ያቃጥላል፤ ዓይንና ጉሮሮን ያሳክካል። ለዚህ የሚታዘዘው መድኃኒት ማስክ ነው። ኤፍ.ኤፍ.ፒ 2 የሚባለው ማስክ በመመዘኛው መሠረት ቢያንስ 94 በመቶውን የአየር ብናኝ ማጣራት አለበት። ነገር ግን ይህ አኃዝ የሚሠራው ማስኩ ከፊት ቆዳ ጋር ገጥሞ ሲቀመጥ ነው፤ ጢም ላሳደገ ሰው አየሩ በማጣሪያው ሳይሆን በጎኑ ይገባል። ብዙ ወንዶች በሃይማኖታቸው ምክንያት ጢማቸውን በማይላጩበት ከተማ ይህ ጥቃቅን ጉዳይ ሊባል አይችልም። ከዚያ ማስኩ በላብ ይረጥባል፣ መተንፈስ ይከብዳል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ አገጭ ሥር ይወርዳል። ቀጥሎ ሻሽ ይጠመጠማል፤ ሻሹ ፊትን ከፀሐይ ይጋርዳል፣ ደቃቁን ብናኝ ግን ያሳልፈዋል። በመዝገብ ላይ ሰውየው ማስክ ተቀብሎ ፈርሟል።

በዚሁ ወደብ በሚራገፈው ስንዴ ላይ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ፤ ከአቧራው የበለጠ የሚያስፈራውም እርሱ ነው። በመርከብ የሚመጣ እህል ነፍሳት እንዳይበሉት ብዙ ጊዜ ፎስፊን በሚያመነጭ ኬሚካል ይታጠናል። ፎስፊን ጋዝ ነው፤ ለአቧራ የተሠራ ማስክ፣ 94 በመቶ ቢያጣራም 99 በመቶ ቢያጣራም፣ ጋዙን ፈጽሞ አይዘውም። የመርከቡ ሆድ በሚገባ ሳይናፈስና አየሩ ሳይለካ የገባ ሠራተኛ ደረጃውን የጠበቀ ማስክ አድርጎ ሊመረዝ ይችላል። የመከላከያ ልብስ ደረጃ ትርጉም ያለው አደጋው ከታወቀ በኋላ ብቻ ነው የምለውም ስለዚህ ነው። የተሳሳተው ዕቃ ሠራተኛው ተጠብቄአለሁ ብሎ እንዲደፍር ስለሚያደርገው ምንም ካለመልበስ ይብስ ይሆናል።

ጅቡቲ ይህን ትምህርት በከባድ ዋጋ አግኝታዋለች። እ.ኤ.አ. በ2002 መጀመሪያ ላይ ከእንግሊዝ ተጭኖ ወደ ኢትዮጵያ ሊሻገር የነበረ፣ 200 ቶን የሚገመት የእንጨት መከላከያ ኬሚካል በወደቡ ላይ ማፍሰስ ጀመረ። ኬሚካሉ ምሰሶዎች በምስጥና በብስባሽ እንዳይበሉ የሚነከሩበት የክሮሚየም፣ የመዳብና የአርሴኒክ ቅልቅል ነበር። የተጫነበት የፕላስቲክ መያዣ ለእንዲህ ዓይነቱ መርዝ አይመጥንም ነበር፤ ፈሳሹ ወጥቶ የወደቡን መሬት በከለ፣ ሠራተኞችን አጋለጠ፣ ጉዳዩም ዓለም አቀፉን የምግብና እርሻ ድርጅት እስከ መጥራት ደረሰ። አርሴኒክና በዚያ ቅልቅል ውስጥ ያለው ዓይነት ክሮሚየም ሁለቱም በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ የተረጋገጡ ናቸው። እንዲህ ያለ ፈሳሽ ሲፈስ ተራ የጥጥ ቱታ ምን ይሠራል? ይመጠዋል። የቆዳ ጓንትም ይመጠዋል፤ መጥጦም መርዙን ከእጅ ቆዳ ጋር አጣብቆ ያቆየዋል። በዚያ ሰዓት የሚያስፈልገው የጎማ ጓንት፣ የጎማ ቦት፣ ፈሳሽ የማያስገባ ልብስና የመተንፈሻ መሣሪያ ነው። ያ ልብስ ደግሞ ቀደም ብለን እንዳየነው በጅቡቲ ቀትር በንባቡ ላይ 10 ዲግሪ የሚጨምር ነው። ስለዚህ ትክክለኛውን ልብስ በመጋዘን ማስቀመጥ ብቻውን አይበቃም፤ የሚለብሱት ሰዎች በስንት ደቂቃ እየተፈራረቁ እንደሚሠሩ፣ የት ጥላ ሥር እንደሚያወልቁና ማን ውሃ እንደሚያቀርብላቸው አስቀድሞ የተጻፈ መሆን አለበት። ይህ ሁሉ የልብሱ ደረጃ አካል ነው፤ ተጨማሪ ደግነት አይደለም።

‹‹ችግሩ ያለው ከሠራተኛው ነው፤ ብትሰጠውም አይለብስም፣ ወይም ይሸጠዋል›› የሚል መልስ ከአሠሪዎች ዘንድ ደጋግሞ ይሰማል። ልብሱ አለመለበሱ እውነት ነው፤ ከዚያ ተነስቶ የሚደረሰው ድምዳሜ ግን ትክክል አይመስለኝም። በከባድ ሙቀት ውስጥ ልብስ ማውለቅ ስንፍና ሊባል አይችልም፤ ሰውነት ከሙቀት ምታት ራሱን የሚያድንበት የመጨረሻው መንገድ ነው። ሠራተኛው የሚመርጠው በሁለት አደጋዎች መካከል ነው፤ አንደኛው ዛሬ ቀትር ላይ ራሱን የሚያስተው ሙቀት፣ ሁለተኛው ከዓመታት በኋላ ሳንባውን የሚይዘው አቧራ። ዛሬ የሚገድለውን ሸሽቶ ነገ የሚገድለውን መምረጡ አያስወቅሰውም። ነጠላ ጫማ አድርጎ የመኪና ጭነት ላይ ወጥቶ ሸራ የሚያለብሰውን ረዳት ተመልከቱ። ብረት አፍንጫ ያለው፣ ሶሉ ወፍራም፣ ቁጥሩ ደግሞ ያልገጠመው ጫማ በጋለ ብረት ላይ ሲያንሸራትተው ነጠላ ጫማው ይሻለኛል ማለቱ የራሱ ምክንያት አለው። መልሱ ቀላል፣ አየር የሚያስገባ፣ እግሩ ልክ የሆነ፣ ሶሉ የማያንሸራትትና ሙቀት የሚችል ጫማ ማቅረብ ነው። እንዲህ ዓይነት ጫማ በዚያው በአይ.ኤስ.ኦ 20345 ውስጥ አለ፤ መጥቀስ የሚያስፈልገው የትኛው ክፍል እንደሚገዛ ነው። ግዢው በአንድ ጅምላ፣ በአንድ ቁጥርና በዝቅተኛ ዋጋ ሲፈጸም ግን ይህ ሁሉ ይጠፋል።

ስለ ግዢ ካነሳን፣ በገበያ ላይ የሚታየው ምልክትም ሊመረመር ይገባዋል። በአውሮፓ ሕግ መሠረት ለሕይወት አደጋ የሚውል የመከላከያ ዕቃ ‹‹ሲ.ኢ›› ከሚለው ምልክት ጎን የመረመረውን ተቋም የሚያሳውቅ ባለ 4 አኃዝ ቁጥር ሊኖረው ግድ ነው። ምልክቱን ማተም ለማንም ቀላል ነው፤ ቁጥሩን ግን በተቋማቱ መዝገብ ማመሳከር ይቻላል። የሰደርያውም ነገር እንደዚሁ ነው። መለያው ላይ ስንት ጊዜ ሊታጠብ እንደሚችል ተጽፎበታል፤ የባሕር ጨውና የጅቡቲ ፀሐይ ሲጨመሩበት ደማቁ ቢጫ ከዚያ ቀድሞ ሊገረጣ ይችላል። የገረጣ ሰደርያ ለብሶ በሌሊት ከፎርክሊፍት ፊት የሚቆም ሰው ሾፌሩ ያየኛል ብሎ ያምናል፤ ሾፌሩ ግን አያየውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። ደረጃው ከጠበቀ ወጪው ይንራል፤ ሥራው ከዘገየ ጭነቱ ወደ በርበራ ወይም ወደ ሌላ ወደብ ይሸሻል ይባላል። ፉክክሩ እውነት መሆኑን አልክድም። ሆኖም ሙቀትን የሚያከብር ሥራ ኢኮኖሚን እንደማያቆም ለማየት ባሕሩን መሻገር በቂ ነው። ከጅቡቲ የማይተናነስ ሙቀት ያላት ኳታር እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 ባወጣችው ውሳኔ ያንኑ ጥምር ንባብ ሕግ አደረገችው፤ ንባቡ ከ32.1 ሲያልፍ የሜዳ ሥራ ይቆማል። ከዚህ በተጨማሪ ከሰኔ 1 እስከ መስከረም 15 በእነርሱ አቆጣጠር፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ተኩል በፀሐይ ላይ መሥራት ተከልክሏል። ውሳኔው የመጣው ለዓለም ዋንጫ ስታዲየሞች ሲገነቡ በስደተኛ ሠራተኞች ሞት ላይ ከተነሳው ከባድ ወቀሳ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ኳታርን የማነሳው አርአያ ናት ብዬ አይደለም። ግን ግንባታው አልቆመም፤ ውድድሩም በሚቀጥለው ዓመት ተካሂዷል። ጅቡቲ ላይ ፈረቃን ወደ ሌሊትና ማለዳ ማዛወር፣ በመርከብ ጎን ጥላ መዘርጋት፣ ንባቡን የሚለካ መሣሪያ መግዛት የመርከብ ኪራይ ከሚያስወጣው ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ወጪ አይሆንም።

ከደህንነት ባለሙያዎች በኩል የሚነሳው ተቃውሞ ግን ከሁሉም ይበልጥ ጠንካራ ነው፤ የመከላከያ ልብስ የመጨረሻው አማራጭ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም ይላሉ። አደጋውን ከምንጩ ማጥፋት፣ ካልተቻለ በመሣሪያ መለየት፣ ካልተቻለ አሠራር መቀየር፣ ልብስ ከዚያ በኋላ። ልክ ናቸው። አቧራ የሚመጥ ማፍሰሻ፣ የተሸፈነ ማጓጓዣ ቀበቶ፣ ከረጢቱን በማሽን የሚደረድር መስመር ቢኖር ለሺህ ሰው ማስክ ከመግዛት ይሻላል። በጅቡቲ ሁኔታ ይህ ሐሳብ ከመነሻዬ ጋር አይጋጭም፤ ይልቁን ያጠናክረዋል። ሙቀቱ ልብስን እንደ መፍትሔ የመጠቀም ዕድላችንን ያጠበበው ስለሆነ፣ በቀዝቃዛ አገር በልብስ የሚሸፈነው ጉድለት እዚህ በመሣሪያ መዘጋት አለበት። ነዳጅ ተርሚናሉ ላይ ግን ልብሱ ራሱ አደጋ የሚሆንበት ሁኔታ አለ፤ ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ልብስ ሲፋተግ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሊፈጥር፣ እሳት ሲነካውም ቀልጦ ከቆዳ ጋር ሊጣበቅ ይችላል። ቦቴ የሚያስሞላ ሾፌር የሚለብሰው ጃኬትና የሚጫማው ጫማ የኤሌክትሪክ ሙል የማያከማች መሆኑ በሌላ መሣሪያ የማይተካ ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ማን ይክፈል፣ ማንስ ይጠየቅ? ትልቁ ቀዳዳ እዚህ ላይ ነው። ጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ የሠራተኛ ሕግ አላት፤ የሥራ ቦታ ንጽሕናና ደህንነትም በውስጡ ተካቷል። በኢትዮጵያ በኩል አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያና ልብስ እንዲያቀርብ፣ አጠቃቀሙንም እንዲያስተምር ያስገድዳል። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት 155ኛ ስምምነት ደግሞ የደህንነት እርምጃ ሠራተኛውን ምንም እንዳያስወጣው ይላል፤ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ደህንነቱ የተጠበቀ የሥራ ቦታን ከመሠረታዊ መብቶች ተርታ ካስገባው ወዲህ፣ ስምምነቱን ያላጸደቀ አባል አገርም መርሁን እንዲያከብር ይጠበቃል። ሕግ አልጠፋም። የጠፋው የእነዚህ ሕጎች ‹‹አሠሪ›› ነው። ለአንድ መርከብ ተቀጥሮ በማግሥቱ የሚሰናበት የቀን ሠራተኛ አሠሪው ማን ነው? ከአዲስ አበባ ተነስቶ በጋላፊ ድንበር በኩል ገብቶ ፒኬ 12 በሚባለው የመኪና ማቆሚያ ላይ ተራ የሚጠብቅ ሾፌርስ ወደ ወደቡ ግቢ ሲገባ ማን ያለብሰዋል? የመኪናው ባለንብረት ወደ ወደቡ ይጠቁማል፣ ወደቡ ወደ ጭነት አስተላላፊው፣ አስተላላፊው ወደ ንዑስ ተቋራጩ። እየተጠቋቆሙ መጨረሻ ላይ ሠራተኛው ከገበያ የገዛውን ያጠልቃል።

በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የማይቀያየርና የማይሸሽ አንድ ወገን አለ፤ የጭነቱ ባለቤት። የማዳበሪያው ገዢ የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ነው፤ በአንድ ውል በባሕርና በየብስ የሚጓዘውን የመልቲሞዳል ጭነት በዋናነት የሚያጓጉዘው የኢትዮጵያ የባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ነው። ሁለቱም የመንግሥት ናቸው፤ ሁለቱም ለጅቡቲ ትልቅ ደንበኞች ናቸው። የሌላ አገር ሕግ በጅቡቲ ላይ አይሠራም የሚለው ክርክር ውል ላይ አይደርስም፤ ገዢ በውሉ ውስጥ የከረጢቱን ክብደትና የስፌቱን ዓይነት እንደሚያስቀምጥ ሁሉ የሚሞላበትን ሁኔታ ማስቀመጥ ይችላል። ልብሱንም ከሩቅ ማምጣት ግድ አይደለም። ሐዋሳና ሌሎች የኢንዱስትሪ ፓርኮች ለውጭ ገበያ ልብስ ይሰፋሉ፤ የአገሪቱ የቆዳ ፋብሪካዎችም ጫማ ይሠራሉ። ለሙቅ ወደብ የሚሆን ቀላል የጥጥ ቱታና አየር የሚያስገባ ሴፍቲ ጫማ እዚያ ተሠርቶ፣ በኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት መስፈርት ወጥቶለት፣ ጅቡቲ ሜዳ ላይ ለብሰውት በሚሠሩ ሰዎች ተሞክሮ ቢቀርብ ለሁለቱም አገር ይጠቅማል።

ስለዚህ ጥያቄዬን የማቀርበው ለሁለቱ ድርጅቶች የሥራ ኃላፊዎች ነው። በሚቀጥለው የማዳበሪያ ጨረታ ሰነድ ውስጥ አራት ነገሮች ይጻፉ። በማራገፊያው ቦታ የሙቀቱ ጥምር ንባብ በየሰዓቱ ይለካና ለሠራተኛው በሚታይ ሰሌዳ ይለጠፍ። ከተወሰነ ንባብ በላይ ሥራው በፈረቃ ይቆራረጥ፣ የቆመበት ሰዓትም ይከፈል። የማስኩ፣ የጫማውና የቱታው ዓይነት ከነመለያ ቁጥሩ ይጠቀስ፣ ጢም ላለው ሰው የሚሆነውም ይካተት። የቀን ሠራተኛውም ሆነ ሾፌሩ ወደ ግቢው ሲገቡ ልብሱ በነጻ ይሰጣቸው፣ ወጪውም በማራገፊያው ዋጋ ውስጥ ይታሰብ።